ከተጣለ ሙዝ እስከ ታላቁ የሙዝ ኩባንያ
የሳሙኤል ዜሙሬይ የሕይወት ታሪክ (1877 – 1961)

የማኅበራቱ የሥራ እንቅስቃሴ በሌሎች ገጾች ስለሚቀርብ፣ እኔ በበኩሌ የአንድ የውጭ አገር ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። ይህ ሰው ሙዝ በማይበቅልበት አገር ተወልዶ የዓለምን የሙዝ ንግድ በእጁ ያስገባ ነው። ሥራ ወዳድነቱና ብልኀቱ የሚያስቀና ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት እስከ መገልበጥ የደረሰ ሰው ነበር። አምራቹ መሬቱን ብቻ ይዞ መንገዱንና ገበያውን ሌላ ሰው ሲይዝበት ምን እንደሚከተል ከዚህ ሰው ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ ማግኘት ያስቸግራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ስደት

ሳሙኤል ዜሙሬይ ጃንዋሪ 18 ቀን 1877 በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በኪሺኔቭ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ቺሺናው ተብላ የምትጠራው የሞልዶቫ ዋና ከተማ ናት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከአክስቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደና በደቡባዊቷ አላባማ ግዛት ሰልማ በምትባል አነስተኛ ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ ተቀመጠ። ትምህርት እምብዛም አላገኘም። ያገኘውን ጥቃቅን ሥራ ሁሉ እየሠራ ገንዘብ አጠራቀመ፤ ወንድሞቹንና እኅቶቹንም ቀስ በቀስ ወደ አሜሪካ አስመጣ።

በዚያን ዘመን ሙዝ ለአሜሪካ ሕዝብ አዲስ ፍሬ ነበር። ከመካከለኛው አሜሪካና ከጃማይካ በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ ይገባ ነበር። ከሰልማ በስተደቡብ የምትገኘው የሞቢል ወደብ ሙዝ ከሚራገፍባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ሙዝ እንደምናውቀው በጥሬው ተቆርጦ በመንገድ ላይ እያለ ይበስላል። መርከቡ ሲራገፍ ፍሬው ይለያል። አረንጓዴው ሩቅ ወዳሉ ከተሞች ይላካል፤ መብሰል የጀመረው ቅርብ ላሉ ነጋዴዎች ይሸጣል። ነጠብጣብ ያወጣው ግን ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል ተብሎ ወደ ጎን ይጣል ነበር። የሳሙኤል ሀብት የተጀመረው ከዚህ ክምር ነው።

የተጣለውን ሙዝ ወደ ገንዘብ መለወጥ

በ1895፣ በ18 ዓመቱ፣ ሳሙኤል ያጠራቀማትን 150 ዶላር ይዞ ሞቢል ወረደና ማንም የማይፈልገውን የበሰለ ሙዝ በርካሽ ገዛ። የባቡር ፉርጎ ተከራይቶ ጫነና ራሱም ከሙዙ ጋር ተሳፈረ። ችግሩ ባቡሩ በየጣቢያው የሚቆም ዘገምተኛ መሆኑ ነበር። ሙዙ የቀረው ዕድሜ የቀናት ጉዳይ ነው። በመሆኑም ሳሙኤል ከባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ጋር ተስማማ። እነሱ ወደፊት ላሉት ከተሞች ሙዝ የጫነ ባቡር እየመጣ መሆኑን ለባለ ሱቆች ያስታውቃሉ፤ ለድካማቸው ሙዝ ይሰጣቸዋል። ባቡሩ ሲደርስ ገዢው ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሰልማ ሲደርስ ሙዙ ተሸጦ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ሳሙኤል ያን ጊዜ አንድም የሙዝ እግር አልተከለም። የሠራው ነገር ቢኖር በምርቱና በገዢው መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች የጣሉት ሙዝ ስላልጣፈጠ ሳይሆን ገዢውን አስቀድመው ስላላዘጋጁ ነበር። በዚህ ንግድ ቀጥሎ በ21 ዓመቱ 100,000 ዶላር በባንክ እንደነበረው ይነገራል። ሰዎችም የሙዙ ሰውዬ ሳም እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ከነጋዴነት ወደ አምራችነት

በ1899 የሙዝ ንግድ ኩባንያዎች ተዋሕደው ዩናይትድ ፍሩት የተባለውን ግዙፍ ድርጅት መሥርተው ነበር። ይህ ኩባንያ መሬቱንም፣ የባቡር ሐዲዱንም፣ መርከቡንም፣ ወደቡንም አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች በየቦታው እጁን ስለዘረጋ ኦክቶፐስ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ይህም ብዙ እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ማለት ነው። ሳሙኤል በ1903 ከዚህ ኩባንያ ጋር የበሰለ ሙዝ ለመረከብ ውል ገባ። ከባልደረባው ጋር ሆኖም የመርከብ ድርጅት ገዛ።

ነገር ግን የሌላውን ምርት እየጠበቁ መኖር አስተማማኝ አለመሆኑን ተረዳ። በ1910 በሆንዱራስ በኩያሜል ወንዝ ዳርቻ ወደ 2,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዝቶ ኩያሜል የተባለውን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። የዩናይትድ ፍሩት ኃላፊዎች በቦስተን ከተማ ቢሮ ተቀምጠው ሲያዙ፣ እሱ ግን ከሠራተኞቹ ጋር ጫካ እየመነጠረ፣ የስፓኒሽ ቋንቋ እየተማረ በማሳው ላይ ዋለ። ረግረጉን በማፋሰሻ ቦይ አደረቀ፤ ደረቁን በመስኖ አጠጣ፤ የወንዝ ደለል ማሳው ላይ እንዲተኛ በማድረግ መሬቱን አዳበረ። ከእናቱ ሥር ከሚወጡት የሙዝ ልጆች ጠንካሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አስነሣ፤ ዘለላ የከበደውን ግንድ በቀርከሃ አስደገፈ። እኛ የልማት ሠራተኞች ዛሬም በማሳ ላይ የምንመክረው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

የሆንዱራስ መንግሥት ግልበጣ

የታሪኩ ጥቁር ገጽታ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሆንዱራስ በዚያን ጊዜ በከባድ የውጭ ዕዳ ተይዛ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፊላንደር ኖክስ ጄ. ፒ. ሞርጋን የተባለው የባንክ ድርጅት ዕዳውን እንዲሸፍንና በምትኩ የአገሪቱን የጉምሩክ ገቢ እንዲቆጣጠር ዕቅድ አወጡ። ይህ ከሆነ የሳሙኤል ከቀረጥ ነፃ መብት ይቀራል። ሳሙኤል ወደ ዋሽንግተን ተጠርቶ በጉዳዩ እጁን እንዳያስገባ ተነገረው። እሱ ግን አልሰማም።

በ1907 ከሥልጣን ወርደው በስደት ይኖሩ የነበሩትን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ማኑኤል ቦኒያን በገንዘብ ደገፈ። ሆርኔት የተባለች መርከብ፣ መሣሪያና ቅጥረኛ ተዋጊዎች ተዘጋጁላቸው። ከእነዚህም መካከል ሊ ክሪስማስ የተባለው አሜሪካዊ ይገኝበታል። ኃይሉ በ1910 መጨረሻ ከኒው ኦርሊንስ ተነሥቶ በጃንዋሪ 1911 ላ ሴይባ የተባለችውን የወደብ ከተማ ያዘ። ፕሬዚዳንት ሚጌል ዳቪላ ከሥልጣን ወረዱ፤ ቦኒያ በ1912 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሳሙኤልም የሚፈልገውን መሬትና የቀረጥ ነፃ መብት አገኘ። የሆንዱራስ ገበሬ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠየቀው ነገር አልነበረም። ኦ ሄንሪ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ይህ ከመሆኑ በፊት በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ የሙዝ ሪፐብሊክ የሚለውን አነጋገር አውጥቶ ነበር። የሳሙኤል ሥራም አባባሉ ለሆንዱራስ የተሰፋ ልብስ እንዲሆን አደረገው።

ትንሹ ትልቁን ሲውጥ

ኩያሜል በጥራት ከዩናይትድ ፍሩት ይበልጥ ጀመር። በ1920ዎቹ ሁለቱ ኩባንያዎች በሞታጉዋ ወንዝ አካባቢ ባለው መሬት የተነሣ ሲሻኮቱ ጓቲማላንና ሆንዱራስን ወደ ጦርነት አፋፍ አደረሷቸው። በመጨረሻም በ1929 ሳሙኤል ኩባንያውን ለዩናይትድ ፍሩት ሸጠ። ዋጋው 300,000 አክሲዮን ሲሆን ግምቱ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እሱም የዩናይትድ ፍሩት ትልቁ ባለ አክሲዮን ሆኖ ከሥራ ተገልሎ ኒው ኦርሊንስ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው የኩባንያው አክሲዮን ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። ሳሙኤል ወደብ ወርዶ የመርከብ ካፒቴኖችንና ሠራተኞችን ጠየቀ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል መርከቦች በዝግታ እንዲሄዱ መታዘዙን፣ በዚህም ምክንያት ሙዙ ባሕር ላይ እያለ እንደሚበላሽ እንደተረዳ ይተረካል። የተቆጠበው ነዳጅ ከጠፋው ሙዝ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር።

ቦስተን ሄዶ ሐሳቡን ቢያቀርብ የቦርዱ አባላት የንግግር ዘዬውን መሳለቂያ አድርገው ናቁት። እሱ ግን ዝም ብሎ አልተመለሰም። ከየባለ አክሲዮኑ የውክልና ድምፅ ሲያሰባስብ ከርሞ ነበርና፣ ውክልናዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በ1933 መባቻ የኩባንያውን አመራር ጨበጠ። በ1938 ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ 1951 መራ። ልብ በሉ፤ ባለ ንብረቶቹ በስብሰባ አልተገኙም፤ ድምፃቸውን ግን ሌላ ሰው ይዞት ተገኘ።

በሽታውና አንዱ ዘር

በዚያን ዘመን ለዓለም ገበያ ይቀርብ የነበረው ሙዝ ግሮ ሚሼል የተባለ አንድ ዘር ብቻ ነበር። ቅርፊቱ ወፍራም፣ ለመንገድ የማይበገር፣ ጣዕሙም የተወደደ ነው። ሆኖም ሁሉም ከአንድ እናት እንደወጡ መንትያዎች ስለሆኑ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል። የፓናማ በሽታ የተባለው አጠውላጊ ፈንገስ በሥር በኩል ገብቶ ግንዱን ያደርቃል፤ አፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ የሚረጭ መድኃኒት አልተገኘለትም። ኩባንያው መፍትሔ ያደረገው የተበከለውን መሬት ትቶ አዲስ ደን መመንጠርን ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ ይሄዳል፤ የአካባቢው ሠራተኛ ያለ ሥራ ይቀራል።

በ1935 ደግሞ ቅጠል የሚያቃጥለው ሲጋቶካ ሆንዱራስ ገባ። ለዚህ ግን የኩባንያው ባለሙያዎች ቦርዶ የተባለውን የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ በሰፊው በመርጨት መከላከያ አገኙለት። ማሳው ዳነ፤ ነገር ግን ድብልቁን ሲረጩ የዋሉት ሠራተኞች ቆዳና ልብስ አረንጓዴ ሰማያዊ እየሆነ፣ ብዙዎቹም ለጤና ችግር ተዳርገዋል። ለፓናማው በሽታ የተገኘው መላ ዘሩን መለወጥ ብቻ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ግሮ ሚሼል ከዓለም ገበያ ወጥቶ ካቨንዲሽ ተተካ። እኛም አገር ከአርባ ምንጭና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ገበያ የሚወጣው ሙዝ በአብዛኛው የካቨንዲሽ ወገን ነው። ዛሬ ግን ካቨንዲሽንም የሚገድል የዚሁ ፈንገስ አዲስ ዝርያ በእስያ ተነሥቶ በ2013 ሞዛምቢክ መድረሱ፣ በ2019 ደግሞ ኮሎምቢያ መግባቱ ስለተረጋገጠ፣ ከማይታወቅ ቦታ የሙዝ ችግኝ ማምጣት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በጎ ሥራዎቹ

ሳሙኤል ገንዘቡን ለበጎ ተግባርም አውሏል። በኒው ኦርሊንስ ለሚገኘው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ስጦታ አድርጓል። ለእኔ ለግብርና ባለሙያው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በ1941 በሆንዱራስ በሳሞራኖ ሸለቆ በኩባንያው ገንዘብ ያቋቋመው የግብርና ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ዲሬክተር ታዋቂው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሰን ፖፔኖ ነበር። ተማሪው ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን በማሳ ላይ ያሳልፋል። ተመራቂዎቹም ለኩባንያው ሳይሆን ለየአገራቸው እንዲሠሩ በማሰብ ኩባንያው እንዳይቀጥራቸው ተወስኖ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ለላቲን አሜሪካ በርካታ የግብርና ባለሙያዎችን አፍርቷል።

በግል ሕይወቱ ትልቅ ኀዘን የደረሰበት በ1943 ነው። ስሙን የወረሰው አንድ ልጁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ በሰሜን አፍሪካ ሕይወቱ አለፈ።

የጓቲማላ ጉዳይ

በጓቲማላ ትልቁ ባለ መሬት ዩናይትድ ፍሩት ነበር። ከመሬቱ ብዙው ያለ ሥራ የተቀመጠ ሲሆን፣ አብዛኛው ገበሬ ደግሞ መሬት አልነበረውም። በ1951 በምርጫ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሃኮቦ አርቤንስ በጁን 1952 የመሬት ማሻሻያ ሕግ አወጡ። ሕጉ ያልታረሰ ሰፊ መሬት ካሳ ተከፍሎበት ለገበሬ እንዲከፋፈል ያዛል። በ1953 ከኩባንያው ወደ 95,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሲወሰድ መንግሥት 627,572 ዶላር ካሳ መደበ። ይህ ቁጥር ከየትም አልመጣም፤ ኩባንያው ራሱ ግብር ሲከፍል የመሬቱ ዋጋ ይህ ነው ብሎ ያስመዘገበው ነው። አሁን ግን ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠየቀ።

ሳሙኤል በዚህ ጊዜ ከፕሬዚዳንትነት ቢለቅም፣ ኩባንያው አሁንም ከእሱ ምክር አልወጣም ነበር። ቀደም ሲል የቀጠረው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ኤድዋርድ በርኔይስ የጓቲማላ መንግሥት የኮሚኒስቶች መሣሪያ ነው የሚል ዘመቻ በአሜሪካ ጋዜጦች አካሄደ። የአሜሪካ መንግሥትም የቀዝቃዛው ጦርነት ሥጋት ስለነበረበት፣ በስለላ ድርጅቱ በኩል ባቀነባበረው ወረራ አርቤንስ በጁን 1954 ከሥልጣን ወረዱ። መሬቱ ተመለሰ። ጓቲማላ ከ1960 እስከ 1996 በቆየ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገብታ፣ ሟቾችና የደረሱበት ያልታወቁ ሰዎች ከ200,000 በላይ እንደሆኑ ተገምቷል።

በዚያው በ1954 በሆንዱራስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሙዝ ሠራተኞች ከሁለት ወር በላይ የዘለቀ አድማ አደረጉ። ጠመንጃ አላነሡም፤ አንድ ላይ ሆነው ሥራ አቆሙ። በውጤቱም የመደራጀት መብት አገኙ። በአሜሪካም መንግሥት ኩባንያውን ገበያ በብቸኝነት ይዟል ብሎ ከሰሰው፤ በ1958 ከሥራው ከፊሉን እንዲለቅ ተወሰነ። ሳሙኤል ዜሙሬይ ይህን ሁሉ አይቶ ኖቬምበር 30 ቀን 1961 በ84 ዓመቱ በኒው ኦርሊንስ አረፈ።

መሬት ብቻ መያዝ ሲጎድል

ከሞተ በኋላ የሆነ አንድ ነገር ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች ስለሚጠቅም ልጨምር። በ1974 ፊፊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ሲመታ፣ የዩናይትድ ፍሩት ተፎካካሪ የነበረው ስታንዳርድ ፍሩት ኢስሌታስ የተባለውን እርሻ ትቶ ወጣ። ሥራ ያጡት ሠራተኞች ተደራጅተው በ1975 እርሻውን በጋራ አቋቋሙት፤ ምርቱም በረከተ። ይሁን እንጂ ካርቶኑንም፣ መርከቡንም፣ ገዢውንም የያዘው ያው ኩባንያ ስለነበር ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነበር። አባላቱ ሌላ ገዢ መፈለግ ሲጀምሩ በ1977 ወታደር መጥቶ መሪዎቻቸውን አሰረ።

ከዚህ ታሪክ ለዩኒየናችን የሚሆነውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሙዝም ይሁን ቲማቲም ወይም ማንጎ፣ ገዢው ሳይታወቅ የተቆረጠ ምርት የደላላ ሲሳይ ነው። በመሆኑም የመቁረጫው ቀን ከመኪናውና ከገዢው ጋር አስቀድሞ መያያዝ አለበት። የዛሬው ስልክ የሳሙኤልን ቴሌግራፍ ሥራ በቀላሉ ይሠራል። ሁለተኛ፣ በአንድ ገዢና በአንድ ዘር ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ ስላለው አመራሩ ሁለቱንም እንዲያሰፋ አባላት መጠየቅ ይገባቸዋል። ሦስተኛውና ዋናው የድምፅ ጉዳይ ነው። በአክሲዮን ኩባንያ ድምፅ በገንዘብ ልክ ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ባለ ሁለት ጥማዱም ባለ አሥር ጥማዱም እኩል ናቸው። ይህ መብት የሚሠራው ግን አባሉ በጠቅላላ ጉባኤ ሲገኝ፣ የኦዲት ሪፖርቱን ሲሰማና ያልገባውን ሲጠይቅ ነው። በየወረዳው ያላችሁ ኃላፊዎችም ኦዲቱ በወቅቱ እንዲሠራና ጉባኤው በወቅቱ እንዲጠራ ብታግዙ፣ ለበዓሉ ከሚሰጥ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።